በፈሳሽ ውስጥ የተበተኑ ናኖ ቅንጣቶችና የሙቀት ዝውውር፦ ከተስፋ ወደ ሚዛን

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መድረክ የቀረበ



ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት በጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ጠርሙሶች እንድትመለከቱልኝ እጠይቃለሁ። በሁለቱም ውስጥ ያለው ውሃና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ከአንድ ዕቃ ተወስዶ በእኩል ሚዛን የገባ ሲሆን፣ ሁለቱም የተዘጋጁት ባለፈው ሳምንት በአንድ ቀን ነው። ሆኖም በቀኝ በኩል ያለው እስከ አሁን ወተት መስሎ ሲታይ፣ በግራ በኩል ያለው ከላይ ጠርቶ ከታች ነጭ ዝቃጭ ይዟል። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እገልጻለሁ። ለጊዜው ግን ይህን ብቻ ያዙልኝ፦ በሁለቱም ላይ የምንለጥፈው ስም አንድ ነው፤ ሁለቱም «ናኖፍሉይድ» ይባላሉ።

የዛሬው ንግግሬ ይህ ስም ከተሰጠበት ጊዜ ጀምሮ ስለ ታየው ታላቅ ተስፋ፣ ስለ ተከተለው ጥርጣሬ፣ በመጨረሻም ሚዛኑ ስለ ተስተካከለበት መንገድ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩ ከየት ተነሣ?

ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ወደ ሌላ ማድረስ የዘመናዊ ምህንድስና የዕለት ተዕለት ሸክም ነው። የመኪና ሞተር፣ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር፣ የኮምፒዩተር ማዕከል፣ የኃይል ማመንጫ፣ ሁሉም የሚፈጥሩትን ሙቀት በጊዜው ካላስወገዱ ይጎዳሉ። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሽ ነው። ፈሳሾች ደግሞ ሙቀትን በማስተላለፍ ረገድ ደካሞች ናቸው።

የሙቀት አስተላላፊነት የምንለው ባሕርይ የሚለካው በዋት በሜትር በኬልቪን ነው። በክፍል መጠነ ሙቀት የመዳብ አስተላላፊነት 400 ገደማ ነው። የውሃ 0.6፣ ለራዲያተር የሚጨመረው የኤቲሊን ግላይኮል 0.25፣ የሞተር ዘይት ደግሞ 0.15 አካባቢ ነው። መዳብ ከውሃ ከ600 ጊዜ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ልዩነት ያየ ሰው ወዲያው የሚያነሣው ጥያቄ አለ፦ ጠጣሩን ፈጭተን በፈሳሹ ውስጥ ብንበትነውስ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1873 ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት ባሳተመው ታላቅ ሥራ፣ በአንድ አካል ውስጥ የተበተኑ ትናንሽ ሉሎች የድብልቁን አስተላላፊነት እንዴት እንደሚለውጡ አስልቷል። ስሌቱ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ቢሆንም ለሙቀትም በእኩል ያገለግላል። ቅንጣቶቹ ሉላዊ፣ የተራራቁና ከፈሳሹ እጅግ የበለጠ አስተላላፊ ከሆኑ፣ የድብልቁ አስተላላፊነት የሚጨምረው በቅንጣቶቹ የይዘት ድርሻ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። 1 በመቶ ቅንጣት 3 በመቶ፣ 4 በመቶ ቅንጣት 12 በመቶ ያህል ጭማሪ ይሰጣል። ልብ በሉ፤ ቅንጣቱ ከዚህ ደረጃ ካለፈ በኋላ መዳብ ይሁን አልማዝ ውጤቱን እምብዛም አይለውጠውም። ማነቆው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ፈሳሽ ነውና።

ለረጅም ዘመን ይህ ሐሳብ በተግባር ያልዋለው ቅንጣቶቹ ትልልቅ ስለ ነበሩ ነው። የስቶክስን ቀመር እንጠቀምና እናስላ። የዲያሜትሩ መጠን 50 ማይክሮሜትር የሆነ የአሉሚና ቅንጣት በውሃ ውስጥ 10 ሴንቲሜትር ለመዝቀጥ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። 1 ማይክሮሜትር የሆነው 17 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። 50 ናኖሜትር የሆነው ግን ዘጠኝ ወር ይጠጋል። ፍጥነቱ በዲያሜትሩ ካሬ ስለሚወሰን፣ ቅንጣቱ ሃያ ጊዜ ሲያንስ ዝቅጠቱ አራት መቶ ጊዜ ይዘገያል። ትልልቆቹ ቅንጣቶች ከመዝቀጥም በላይ ቀጭን ቱቦ ይደፍናሉ፤ ፓምፕም ይፍቃሉ።

ተስፋው

የናኖ ዱቄት ማምረት ሲቻል ነገሩ ተለወጠ። በ1993 በጃፓን ማሱዳና ባልደረቦቹ እጅግ ደቃቅ የኦክሳይድ ዱቄቶችን በውሃ በትነው፣ በ4.3 በመቶ አሉሚና 30 በመቶ ያህል የአስተላላፊነት ጭማሪ መለካታቸውን አሳወቁ። በ1995 በአሜሪካ የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪ የሆነው ስቲቨን ቾይ ለእነዚህ ፈሳሾች «ናኖፍሉይድ» የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙም መስኩም በአንድነት ተወለዱ።

ከዚያ በኋላ በ2001 ሁለት ውጤቶች ወጡ። አንደኛው የአርጎን ቡድን ከ10 ናኖሜትር ያነሱ የመዳብ ቅንጣቶችን በኤቲሊን ግላይኮል በትኖ፣ በ0.3 በመቶ ድርሻ ብቻ የ40 በመቶ ጭማሪ ማግኘቱ ነው። ሁለተኛው የካርቦን ናኖ ቱቦዎች በዘይት ውስጥ በ1 በመቶ ድርሻ የ160 በመቶ ጭማሪ ማስገኘታቸው ነው። እስቲ የመጀመሪያውን ከማክስዌል ስሌት ጋር እናነጻጽረው። 0.3 በመቶ ቅንጣት ሊሰጥ የሚገባው 1 በመቶ የማይሞላ ጭማሪ ነው። የተለካው ግን አርባ ጊዜ የሚበልጥ ሆነ። ይህ እውነት ከሆነ አንድም ማክስዌል ያላየው አዲስ ፊዚክስ አለ፣ አንድም አንድ የተሳሳትነው ነገር አለ።

አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን መረጠ። ማብራሪያዎችም ጎረፉ። ከሁሉ የገነነው የብራውን እንቅስቃሴ ነበር፦ ቅንጣቶቹ በፈሳሹ ሞለኪውሎች እየተገፉ ሲርመሰመሱ ሙቀትን ይዘው ይሮጣሉ የሚል። ይህ ለጆሮ የሚስብ ማብራሪያ ነው፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ ሊፈተን ይችላል። 10 ናኖሜትር የሆነ ቅንጣት በውሃ ውስጥ የሚሠራጭበት መጠን በስቶክስና በአይንስታይን ቀመር ሲሰላ፣ ሙቀት ራሱ በውሃ ውስጥ ከሚሠራጭበት መጠን በሺዎች ጊዜ ያንሳል። ቅንጣቱ አንዲት እርምጃ ሳይራመድ ሙቀቱ አልፎት ሄዷል። ኬብሊንስኪና ባልደረቦቹ በ2002 ይህን በሚገባ አሳይተው ነበር። ሆኖም ተስፋ በሞቀበት ጊዜ ቀዝቃዛ ስሌት የሚሰማው ጥቂት ነው።

ጥርጣሬውና የጋራው ልኬት

በቀጣዮቹ ዓመታት የታተሙት ልኬቶች እርስ በርሳቸው አልስማማ አሉ። ለአንድ ዓይነት ቅንጣትና ፈሳሽ አንዱ ላቦራቶሪ ትልቅ ጭማሪ ሲያሳይ ሌላው ከማክስዌል ስሌት የማያልፍ ያገኝ ነበር። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

መፍትሔው የመጣው በብልጭልጭ አዲስ መሣሪያ ሳይሆን በትሕትና ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚገኘው ጃኮፖ ቦንጆርኖ ያስተባበረው የጋራ ሙከራ ከ30 በላይ ድርጅቶችን በዓለም ዙሪያ አሳተፈ። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ አንድ ዓይነት ናሙና ለሁሉም ይላካል፤ እያንዳንዱ ላቦራቶሪ በራሱ ዘዴ ይለካል፤ ውጤቶቹ በአንድ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ። በ2009 የታተመው ውጤት እንዲህ የሚል ነበር። የአብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች ልኬት ከአማካዩ በ10 በመቶ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ውስጥ ወደቀ። አስተላላፊነቱ የቅንጣቱ ድርሻ ሲጨምርና ቅርጹ ሲረዝም ጨመረ። ጭማሪውም ማክስዌል ካሰላውና በኋላ ናን እና ባልደረቦቹ ቅርጽንና የገጽታ መከላከልን ጨምረው ካስፋፉት ንድፈ ሐሳብ ጋር ተስማማ። በተመረመሩት ናሙናዎች ውስጥ ተአምር አልተገኘም።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ቀደም ብለው ትልቅ ቁጥር ያሳተሙት ሰዎች አጭበርብረዋል ማለቴ አይደለም። ልዩነቱን ሊያመጡ የሚችሉ እውነተኛ ምክንያቶች አሉ። ቅንጣቶች ተጓጉለው እንደ ሰንሰለት ሲያያዙ ለሙቀት ረጅም መንገድ ይከፍታሉ፤ ስለዚህ አስተላላፊነቱ ከተራራቁ ሉሎች በላይ ይጨምራል። የናኖ ቱቦዎቹም ትልቅ ጭማሪ ከረጅም ቅርጻቸው ጋር የተያያዘ ነው። በሌላ በኩል ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት የጋለ ሽቦ ዘዴ ጥንቃቄ ይሻል። ሽቦው ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ ከጋለ፣ በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ሞቆ መነሣት ይጀምራል፤ በፍሰት የሄደው ሙቀት በማስተላለፍ እንደ ሄደ ተቆጥሮ አስተላላፊነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። እኔም በወጣትነቴ ይኸው ደርሶብኛል። አንድ ቀን እጅግ ያማረ ውጤት አግኝቼ ሌሊቱን በደስታ ስጽፍ አደርሁ፤ በማግሥቱ ንጹሕ ውሃ ብቻ አስገብቼ ስለካ መሣሪያዬ ለውሃውም ከሚታወቀው ዋጋ በላይ ሰጠኝ። የጻፍሁትን ቀደድሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ በቅድሚያ ንጹሕ ውሃን ሳልለካ ናኖፍሉይድን ለክቼ አላውቅም።

አስተላላፊነት ብቻውን ማቀዝቀዝ አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ እደርሳለሁ። የአስተላላፊነት ጭማሪ ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ፈሳሹ የተሻለ ማቀዝቀዣ ሆነ ማለት አይደለም። በቱቦ ውስጥ የሚፈስስ ፈሳሽ ሙቀት ሲያነሣ አራት ባሕርያት በአንድነት ይሠራሉ፦ አስተላላፊነት፣ ዝልግልግነት፣ እፍግታ እና ሙቀት የመያዝ ዐቅም። ቅንጣት ስንጨምር የመጀመሪያው ይሻሻላል። ዝልግልግነቱ ግን አብሮ ይጨምራል። አይንስታይን ለተራራቁ ሉሎች ያሰላው ጭማሪ የይዘት ድርሻው ሁለት ተኩል እጥፍ ነው፤ በናኖፍሉይድ የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል፣ በተለይ ቅንጣቶቹ ሲጓጎሉ። ሙቀት የመያዝ ዐቅምን ደግሞ በሊትር ብንቆጥረው፣ ውሃ ከአሉሚናም ከመዳብም የበለጠ ይይዛል። ስለዚህ ጠጣሩን በውሃ ቦታ ስንተካ በዚህ ረገድ እንከስራለን እንጂ አናተርፍም።

ፓክና ቾ በ1998 ያሳተሙት ሥራ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። የኦክሳይድ ቅንጣቶችን በውሃ በትነው በተናወጠ ፍሰት ሲለኩ፣ የኑሰልት ቁጥር ከሬይኖልድስ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ጨምሮ ታየ። ነገር ግን በእኩል አማካይ ፍጥነት ሲያነጻጽሩ፣ 3 በመቶ ቅንጣት የያዘው ፈሳሽ የሙቀት ዝውውር መለኪያ ከንጹሕ ውሃ በ12 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የተለወጠው ማነጻጸሪያው ነው።

ወጥመዱ የት እንዳለ በቀላል ስሌት ላሳይ። ዝልግልግነቱ በ20 በመቶ ጨመረ እንበል፤ የእፍግታውን ለውጥ ለጊዜው እንተወው። የሬይኖልድስ ቁጥሩን እኩል ለማድረግ ፈሳሹን በ20 በመቶ አፍጥነን መግፋት አለብን። በላሚናር ፍሰት ፓምፑ የሚፈልገው ኃይል በዝልግልግነቱና በፍጥነቱ ካሬ ብዜት ይወሰናል። 1.2 በ1.2 ካሬ ሲባዛ 1.73 ይሆናል። ስለዚህ «በእኩል ሬይኖልድስ ቁጥር ሙቀት ዝውውሩ ተሻሻለ» የሚል ጽሑፍ፣ ፓምፑ 73 በመቶ ተጨማሪ ኃይል እንደ በላ ሳይነግረን ሊያልፍ ይችላል። ያንኑ ኃይል ለንጹሕ ውሃ ብንሰጠው ምን ያህል ይሻሻል ነበር? ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ይህ ነው። ፕራሸርና ባልደረቦቹ በ2006 ለላሚናር ፍሰት ያወጡት መመዘኛ ለማስታወስ ቀላል ነው፦ የዝልግልግነቱ ጭማሪ ከአስተላላፊነቱ ጭማሪ አራት እጥፍ ከበለጠ፣ ናኖፍሉይዱ ከመሠረቱ ፈሳሽ የባሰ ነው።

አንድ ተጨማሪ ንጽጽር ልስጥ። የኤቲሊን ግላይኮል አስተላላፊነት በ40 በመቶ ቢያድግ 0.25 የነበረው 0.35 ይሆናል። ይህ አሁንም ከተራ ውሃ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ የጭማሪን መቶኛ ብቻ ከመጥቀስ በፊት «ከምን አንጻር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ታዲያ ምን ቀረ?

ይህን ሁሉ ስል ናኖ ቅንጣቶች ጥቅም የላቸውም ለማለት እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ እሻለሁ። ጥቅማቸው የተገኘው ብዙዎቻችን ባልፈለግንበት ስፍራ ነው።

የመጀመሪያው ፍላት ነው። በጋለ ገጽታ ላይ ውሃ ሲፈላ፣ የሙቀቱ ፍሰት ከአንድ ጣሪያ ካለፈ የእንፋሎት ሽፋን ገጽታውን ይከብበዋል፤ ውሃው አይነካውም፤ ብረቱም ሊቀልጥ ይችላል። ዩና ባልደረቦቹ በ2003 በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከአንድ ግራም እጅግ ያነሰ አሉሚና ሲጨምሩ ይህ ጣሪያ በ200 በመቶ ያህል ከፍ ማለቱን አሳወቁ። ይህን ያህል ጥቂት ዱቄት የፈሳሹን አስተላላፊነት ሊለውጥ አይችልም። ኋላ በተደረጉ ምርምሮች ምክንያቱ ተገለጠ፦ ሲፈላ ቅንጣቶቹ በገጽታው ላይ ተለጥፈው ቀጭን ባለ ቀዳዳ ሽፋን ይሠራሉ፤ ሽፋኑም ውሃ በቀላሉ የሚያርሰው ነው። ስለዚህ ሥራውን የሠራው ፈሳሹ ሳይሆን የተለወጠው ገጽታ ነው። ለኒውክሌር ማመንጫ ደኅንነት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው የፀሐይ ብርሃን ነው። ውሃ በራሱ የሚታየውን ብርሃን እምብዛም አይውጥም፤ ስለዚህ በተለመደው የፀሐይ ማሞቂያ ብርሃኑን የሚውጠው ጥቁር ሰሌዳ ሲሆን ሙቀቱ ከሰሌዳው ወደ ውሃው ይተላለፋል። ጥቂት ናኖ ቅንጣት ሲበተን ግን ፈሳሹ ራሱ ብርሃኑን ይውጣል። ኦታኒካርና ባልደረቦቹ በ2010 በዚህ መንገድ የማሞቂያ ብቃት እስከ 5 በመቶ ሊሻሻል እንደሚችል በሙከራ አሳይተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ምክንያቱ የታወቀ ነው። ፀሐይ ለማይጎድልባት አገራችን ቢታሰብበት የሚገባ መንገድ ይመስለኛል።

ለተማሪዎቻችን

ይህን ርእስ የመረጥሁበት እውነተኛ ምክንያት አሁን ልናገር። በየዓመቱ ለግምገማ ከሚደርሱኝ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ጥቂት የማይባሉት በናኖፍሉይድ ላይ የተሠሩ የቁጥር ስሌቶች ናቸው። ሒሳቡ ብዙ ጊዜ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የፈሳሹ ባሕርያት ከአንድ ሞዴል ተወስደው በቀመሩ ውስጥ ይገባሉ፤ ቀመሩም ሙቀት ዝውውሩ «በዚህ ያህል ተሻሻለ» ይላል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህ ግኝት አይደለም፤ ያስገባነውን መልሶ መቀበል ነው። ሁለት ሦስት የወጣትነት ዓመታት የሚሰጡት ለዚህ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ በዚህ መስክ ለመሥራት ለምትነሡ አምስት ጥያቄዎችን እተውላችኋለሁ። በፈሳሹ ውስጥ ያለው የቅንጣት መጠን በእውነት ስንት ነው፣ ከሳምንት በኋላስ? ዝልግልግነቱን ራሳችሁ ለካችሁን? መሣሪያችሁ ለንጹሕ ውሃ ትክክለኛውን ዋጋ ይሰጣልን? ያነጻጸራችሁት በእኩል የፓምፕ ኃይል ነውን? በመጨረሻም፣ ሙከራው ሲያበቃ ገጽታው እንደ ነበረ ነውን ወይስ ቅንጣት ተለጥፎበታል? እነዚህን ለመመለስ እጅግ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። የዝልግልግነት መለኪያ፣ ትክክለኛ ሚዛን፣ ቴርሞኮፕልና ትዕግሥት ብዙ መንገድ ያስኬዳሉ። በጥንቃቄ ተለክቶ «አልተሻሻለም» የሚል ጽሑፍ፣ ሳይለካ «ተሻሻለ» ከሚል መቶ ጽሑፍ ይበልጣል።

ወደ ጠርሙሶቹ ልመለስና ላብቃ። በቀኝ በኩል ያለው በተጣራ ውሃ፣ ጥቂት አሲድ ተጨምሮበት፣ በአልትራሳውንድ የተበተነ ነው። አሲዱ በቅንጣቶቹ ገጽታ ላይ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚፈጥር እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። በግራ በኩል ያለው በቧንቧ ውሃ ውስጥ በእጅ የተናጠ ነው። በውሃው ያለው ጨው ያንን መገፋፋት ስለሚያዳክም ቅንጣቶቹ ተጓጉለው ዘቀጡ። በዱቄቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው የቅንጣት መጠን ለሁለቱም አንድ ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው እውነት ግን የተለያየ ነው። የሳይንስ ሰው ሥራ በዕቃው ላይ የተጻፈውን መገልበጥ ሳይሆን በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን መመርመር ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ተማሪዎች በቅድሚያ ዕድል ቢሰጣችሁ ደስ ይለኛል።